«ወፏ»ና መርማሪው

የወንጀል ምርመራ ልቦለድ በዕረፍት ቀን ጋደም ብለው የሚያነቡት ቀላል መጽሐፍ ነው። «ጊዜ ማሳለፊያ» እየተባለም ከቁም ነገር መጻሕፍት ዝቅ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ይህ ደስታ በአገራችን ከየት እንደ መነጨ ሲመረመር ነገሩ ከጊዜ ማሳለፊያ ያለፈ ሆኖ ይገኛል።

«ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ጋር የገባ አይደለም። ከብት ሲነዳ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። ጥፋተኛው እስኪገለጥ ድረስ ከሸንጎው ተነሥቶ ወደ እርሻው የሚመለስ አልነበረም። ያየ ሰው ደመኛ እንዳያፈራ ምስጢሩ የሚወጣው በ«ወፍ» ነው፤ «ወፏ ነገረችኝ» ይባላል እንጂ የነጋሪው ስም አይጠራም። ለሌባ ፍለጋ ደግሞ ሌባሻይ ነበረ። መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ በመንደሩ እየተንገዳገደ ይዞርና ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። ንጹሕ ሰው እንደዚህ ባለ ውድቀት ቢያዝ የሚከራከርበት ማስረጃ ከየት ያመጣል?

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ ጉዳዩን ለፖሊስ መርማሪ፣ ለምስክርነትና ለማስረጃ ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራን ታሪክ ለአማርኛ ልቦለድ አንባቢ አቀረበ። ማሞ ውድነህም የስለላ ታሪኮችን እየተረጎመ የልብ ሰቀላን ጣዕም አስለመደ። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የስለላን ክር ከዘመኑ ታላቅ ጉዳይ ጋር ፈተለው።

መርማሪው በከተማ መወለዱ በአጋጣሚ አይደለም። አውጫጭኝ የሚሠራው ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቀዬ ነው። እንግዳ ከእንግዳ በሚጋፋበት ስፍራ ግን «ወፏ» ዝም ትላለች።

እንዲህ ያለው ስፍራ ደግሞ ከተማ ብቻ አይደለም። በምዕራብ አርማጭሆ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የምትገኘውን አብደራፊን እንመልከት። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከደጋው የቀን ሠራተኛ ይጎርፍባታል። አብሮ ያጨደ፣ በአንድ ዳስ ያደረ ሰው የባልንጀራውን አገር እንኳ ላያውቅ ይችላል። ነዶው ደርቆ ከተራገፈ በኋላ ሁሉም ደመወዙን ይዞ ይበተናል። በዚያ ወቅት አንድ ወንጀል ቢፈጸም ምስክሩ ሁሉ መንገደኛ ነው፤ ለሸንጎ የሚቀመጥ አይገኝም። ለልቦለድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ጥሬ ሀብት አለ? ሙቀቱ፣ ወንዙ፣ ድንበሩ፣ ጆንያው ሁሉ የታሪኩ አካል ሊሆን ይችላል።

አዝመራው ገብቶ ቆላው ፋታ ሲያገኝ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚነበብ የራሱ የምርመራ ልቦለድ ለዚህ አገር ይገባዋል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንባቢውን እያዝናና አንድ ነገር ያስለምደዋል፦ በመጀመሪያ የተጠረጠረው ሰው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ነገር በጠፋ ቁጥር ዓይን በመጤ ላይ በሚያርፍበት የድንበር አገር፣ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።