የቤት ሞገስ ከወለሉ

ቤትን የምንገምተው ብዙ ጊዜ ጣራውንና ግድግዳውን አይተን ነው፤ ነገር ግን የነዋሪውን ኑሮ አጥብቆ የሚመሰክረው ወለሉ ነው።

በአዋሽ ሸለቆ የአፋር ሴቶች የሚሠሩት ቤት በጎበጡ እንጨቶች ላይ ሰሌን የለበሰ፣ ፈርሶም በግመል የሚጫን ነው። ምንጣፉ ከቤቱ ጋር ይጠቀለላል፤ የቤቱ ጥበብ ሙቀቱንና የከብቱን ጉዞ ያወቀ ነውና።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ግን በአዋሽ ሰባት ኪሎ የማይነሣ ቤት ተከለ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹም በየከተማው በረንዳ ያለው፣ ወለሉ ጣውላ ወይም ሊሾ የሆነ ቤት የመንግሥት ሠራተኛው ምኞት ሆነ። ሊሾ ሲሚንቶው ሳይጠነክር በብረት እየታሸ የሚለሰልስ ወለል ነው፤ የእግርን ሙቀት ቶሎ ስለሚስብ በቆላ አገር ቀዝቅዞ ይሰማል፤ በሰም ሲወለወልም ዕድሜ ይጠግባል።

አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል መዲና የሆነችው ሰመራ ዛሬ አዳዲስ ቤቶች ትሠራለች። አዲስ መሥራት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ከተነቀለው ወለል ጋር የሠሪው ዕውቀት አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ አሮጌውን ወለል ከመንቀልህ አስቀድሞ፣ ቀዳሚው ሠሪ ለምን እንደ መረጠው መርምር።