ከቡልቡላ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍል፦ ከታቀደ ቀዶ ሕክምና በፊት ያለ ጭንቀትና የሚያቀልለው ቃል

አክስቴ አንገቷ ላይ የወጣውን እንቅርት ልታስወጣ ከቡልቡላ መጥታ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ለቀዶ ሕክምናው አንድ ሌሊት ሲቀር ነርስ መጥታ «እማማ፣ ጌጥ ካለዎት ያውልቁ» አለቻት። አክስቴ ጌጥ አልነበራትም፤ አንገቷ ላይ ያለው ማተቧ ብቻ ነው። ነርሷ መቀስ አመጣችና «ይኼም አይቻልም» ብላ ቆረጠችው። ለምን እንደማይቻል አልተናገረችም፤ ሌሎች ብዙ ሕሙማን ይጠብቋታል። አክስቴ ክሩን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ዐይኗን ሳትከድን አደረች። ጠዋት የደም ግፊቷ አሻቅቦ ስለተገኘ ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ግፊቱን ያናረው ያ ሌሊት ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ቅድመ ቀዶ ሕክምና ጭንቀት ባነበብኩ ቁጥር ያ ክር ፊቴ ድቅን ይላል።

የምከራከርበት ነጥብ አጭር ነው። ይህ ጭንቀት በአመዛኙ የሚጠነሰሰው ሕመምተኛው ቀጠሮ ከያዘበት ቀን ጀምሮ ሆስፒታሉ ዝም ባለባቸው ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህም ዋነኛው ማስታገሻ በጊዜው፣ በሚገባው ቋንቋ የሚነገር ቃል ነው።

የችግሩ ስፋት በአገራችን በሚገባ ተጠንቷል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ማስተማሪያ ሆስፒታል በ239 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ከመቶ 70.3 የሚሆኑት ከቀዶ ሕክምና በፊት ከፍተኛ ጭንቀት እንደነበራቸው አሳይቷል። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታሎች 353 ታካሚዎችን ያካተተው እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ጥናት ያገኘው ደግሞ ከመቶ 61 ነው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የልዩ ልዩ አገሮችን ጥናቶች አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ትንተና የዓለም አማካይ ከመቶ 48 ገደማ ሆኗል። መለኪያዎቹና የ«ከፍተኛ» ወሰናቸው ስለሚለያይ አኃዞቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ባይገባም፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተራ ከሚጠብቁት መካከል የሚጨነቀው ከማይጨነቀው እንደሚበዛ ግልጽ ነው።

የጅማው ጥናት ከአኃዙ ይልቅ በሁለት ግኝቶቹ ይማርከኛል። አንደኛ፣ ታካሚዎቹ ለጭንቀታቸው ምክንያት አድርገው ከጠቀሱት ሁሉ የሞት ፍርሃት ቀዳሚ ነበር፤ ከመቶ 38.1። ሁለተኛ፣ ጭንቀታቸውን በምን እንደሚያቀልሉ ሲጠየቁ ከመቶ 80 የሚጠጉት «ከሌላ ሕመምተኛ ጋር በመነጋገር» ብለዋል። እምነትም አብሮ ተጠቅሷል። ማለትም ሕመምተኛው መረጃውን ከጎኑ ካለው አልጋ ሲለቅም ነበር።

ጭንቀት በልብ ብቻ አይቀርም። አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይረጫሉ፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። የማደንዘዣው ሥራም ይከብዳል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሕመምም ይብሳል። የተጨነቀ ሰው የተነገረውን መመሪያ አይሰማም፤ ቢሰማም አያስታውስም።

ቡልቡላ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስሟ የዝዋይን ውኃ ወደ አቢጃታ ከሚያደርሰው ወንዝ ስም ጋር አንድ ነው። ነዋሪዋ ለታቀደ ቀዶ ሕክምና ወደ ባቱ፣ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ይሄዳል፤ ሲብስም አዲስ አበባ ይዘልቃል። በቀጠሮውና በቀኑ መካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚያወራው ሆስፒታሉ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ ቡና ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ። የወገብ መርፌ ወገብ ያጎብጣል፤ እንቅርቷን ያስወጣች ድምፅዋ ይጠፋል፤ እገሌ መሐል ላይ ነቅቶ ቢላዋውን አየ ይባላል። ከዚህ ውስጥ አንዳንዱ የእውነት ፍሬ አለው። የድምፅ ነርቭ በእርግጥ ከእንቅርት አጠገብ ያልፋል፤ የቀዶ ሐኪሙ ትልቁ ጥንቃቄም እሱን አለመጉዳት ነው። ወሬውን ወደ መጠኑ የሚመልሰው እንዲህ ያለ ግልጽ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያ ሲታጣ ለሕክምናው የሚበጅ እርምጃ ራሱ ክፉ ምልክት ይሆናል። የታይሮይድ ሆርሞኗ እስኪስተካከል ቀጠሮዋ የተገፋባት ሴት፣ ምክንያቱ ካልተነገራት፣ «የደበቁኝ ነገር አለ» ትላለች።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። በአማርኛ «ቀዶ ጥገና» እንላለን። በአፋን ኦሮሞ «በቀቅሳኒ ሆዹ» ይባላል፤ ሰንጥቆ መስፋት ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች ቁስሉንና ፈውሱን አንድ ላይ ይዘዋል፤ የፈራ ሰው ግን የሚሰማው የፊተኛውን ግማሽ ነው። የቡልቡላ ገበሬ በአፋን ኦሮሞ እያሰበ፣ ሐኪሙ በአማርኛ እያስረዳ፣ ካርዱ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ፣ በመካከል የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ የራሱ ልጅ ነው። ልጅ ደግሞ ለአባቱ ከባዱን ቃል አይተረጉምም።

ቃል ሕክምና መሆኑ ከተፈተነ ስድሳ ዓመት አልፏል። በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሎረንስ ኤግበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት፣ የማደንዘዣ ሐኪም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጎብኝቶ ያነጋገራቸው ሕሙማን ተረጋግተው ተገኙ፤ ፔንቶባርቢታል የተባለው ማስተኛ መድኃኒት ብቻ የተሰጣቸው ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ቢላቸውም ልባቸው አልረጋም። በቀጣዩ ዓመት የሆድ ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸው 97 ሰዎች ላይ ሌላ ሙከራ ወጣ። ምን ያህል እንደሚያም፣ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን አኳኋን ቢተነፍሱና ቢገላበጡ እንደሚቀልላቸው የተነገራቸው ሕሙማን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻ በግማሽ ያህል አነሰ፤ በአማካይም 2.7 ቀን ቀድመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አልጋ ለሚያጥረው ሆስፒታል ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም።

የአክስቴ ሁለተኛ ቀጠሮ ሲደርስ የማደንዘዣ ባለሙያው ማታ መጥቶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቆሞ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሆነው ሁሉ የሚሆን አይመስለኝም። «እናቴ፣ ነገ የማስተኛዎት እኔ ነኝ» አላት። «መርፌው ክንድዎ ላይ ነው። እስኪያልቅ ከአጠገብዎ አልነሣም። ሲነቁ ጉሮሮዎ ይከረክርዎታል፤ በትንፋሽ ቱቦው ነው፣ ይተዋል።» ስለ ማተቡ ነገረችው። አንገት ላይ ያለ ክር ቁስሉን ሊበክል እንደሚችል አስረዳትና «ቁርጭምጭሚትዎ ላይ እንሰረው፤ እዚያ ማንም አይነካውም» አላት። በፕላስተር አድርጎ አሰረላት። ከዐሥር ደቂቃ በላይ አልቆየም። ያን ሌሊት ተኛች።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ማረጋጊያ መድኃኒት ለሁሉም ይሰጥ የሚለው ልማድ ግን እየተፈተሸ ነው። በፈረንሳይ በ1,062 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት፣ ሎራዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ አስቀድሞ መስጠት የሕሙማኑን እርካታ እንዳልጨመረ፣ የትንፋሽ ቱቦው የሚወጣበትንም ጊዜ እንዳዘገየ አሳይቷል። ሙዚቃ የተሻለ ስም አለው፤ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ 26 ሙከራዎችን መርምሮ ጭንቀትን እንደሚቀንስ ደምድሟል። በእኛ ሆስፒታሎች ይህ ከታካሚው ስልክና ጆሮ ማዳመጫ የበለጠ ወጪ የለውም። መንዙማም ሆነ መዝሙር፣ ምርጫው የራሱ ይሁን።

ሆስፒታሉ ሳያስበው የሚያስፈራባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። «ደም አምጡ» ሲባል ቤተሰቡ ነገሩ እንደከበደ ይቆጥራል፤ ደሙ ለመጠባበቂያ እንደሆነና ላያስፈልግም እንደሚችል አብሮ ይነገር። የፈቃድ ቅጹ «ብሞት አልጠይቃችሁም» የሚል ውል መስሎ ይታያል፤ ጠዋት በጥድፊያ ከሚያስፈርሙት ቀደም ባለ ቀን ተቀምጦ ማንበብ ይሻላል። ሦስተኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚታዘዘው ጾም ነው። ጾምና ረመዳን ለለመደ ሰው አለመብላት አይከብደውም፤ የሚከብደው ምክንያቱን አለማወቁ ነው። ከሆድ የሚመለስ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ መሆኑ ከተነገረው «ቡና አይቆጠርም» ብሎ አይሳሳትም። በሌላ በኩል ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ለአብዛኛው ሕመምተኛ ንጹሕ ውኃ ማደንዘዣው ሊሰጥ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳሉ። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር በጥም ማቆየት አላስፈላጊ ቅጣት ነው።

የጅማ ታካሚዎች ያሳዩንን መንገድ ደግሞ በዘፈቀደ አንተወው። ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በደህና ያገገመ ሰው፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከሚጠብቀው ጋር ለግማሽ ሰዓት ቢገናኝ ብዙ ይሠራል። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ግን ነርሷ ትምረጥ፤ ቁስሉ ያመረቀዘበት ሰው ታሪክ በዚያች ሌሊት አይጠቅምም።

ሁሉም እኩል ማወቅ አይፈልግም። ይህን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1996 ኔዘርላንድ ውስጥ የተዘጋጀው የአምስተርዳም የቅድመ ቀዶ ሕክምና ጭንቀት መጠይቅ ስድስት ጥያቄ ብቻ አለው፤ አራቱ ፍርሃትን፣ ሁለቱ የማወቅ ፍላጎትን ይለካሉ። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምናን ለማስፋፋት ብሔራዊ መርሐ ግብር ጀምሯል፤ ይህን የመሰለ አጭር መጠይቅ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተፈትኖ ከዚያ ሥራ ጋር ቢያያዝ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ሕመምተኛው ሪፈር ሲጻፍለት፣ ገና ከቡልቡላ ሳይነሣ፣ የጤና ባለሙያዋ ስድስቱን ጥያቄ ጠይቃ መልሱን ከወረቀቱ ጋር ታያይዘው። የማደንዘዣ ባለሙያው ማታ አልጋው ዘንድ ሲመጣ ከምን መጀመር እንዳለበት ያውቃል።