የመስፈርት ምሉዕነት በባቡር መስመር ሥራ

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ የምትገኘው ሁርሶ በቀድሞው የምድር ባቡር መስመር ላይ ከነበሩት ጣቢያዎች አንዷ ናት። አካባቢው አርብቶ አደሩ ግመሉንና ፍየሉን ወደ ውኃና ወደ ግጦሽ የሚነዳበት ቆላ ነው። በዚህ ቆላ ለሚያልፍ ባቡር መስፈርት የሚያዘጋጅ ባለሙያ የሐዲዱን ስፋትና የባቡሩን ፍጥነት ቢወስንም፣ መንጋው በየት እንደሚሻገር ካልጻፈ ሰነዱ ጎዶሎ ይሆናል።

በሲስተም ምህንድስና አንድ የመስፈርት ሰነድ ምሉዕ ነው የሚባለው ሊሠራ የታሰበው ነገር ምን እንደሚያከናውን፣ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ፣ ከየትኞቹ ሌሎች ሥርዓቶች ጋር እንደሚገናኝና ብልሽት ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ አሟልቶ ሲገልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የ29148 ዓለም አቀፍ ደረጃም ምሉዕነትን ከመስፈርት መለያ ባሕርያት አንዱ አድርጎ ይደነግጋል።

ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገው የጎደለው ነገር በንባብ የማይገኝ መሆኑ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ሰነዱ ሲመረመር ሊታይ ይችላል፤ ያልተጻፈው ግን ሰነዱ አሥር ጊዜ ቢነበብም አይታይም። በመሥሪያ ቤቶች ቢጋሩ በኮሚቴ ከተፈረመ በኋላ ሥራው እንዳለቀ መቁጠር የተለመደ ቢሆንም፣ ፊርማው የሚያጸድቀው የተጻፈውን ብቻ ነው።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። አገልግሎቱ ከተጀመረ ወዲህ የግመሎችና የከብቶች መገጨት፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ኃይል መቆራረጥ ሥራውን በተደጋጋሚ ያስተጓጎሉ ችግሮች ናቸው። ሁለቱም የሚነሱት ባቡሩ ከውጭው ዓለም ጋር ከሚገናኝበት ሥፍራ ነው፤ አንዱ ከአርብቶ አደሩ መንገድ፣ ሌላው ከብሔራዊው የኃይል መረብ።

ችግሩ በባቡር ሥራ የረጅም ጊዜ ልምድ ባላት ፈረንሳይም ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. ይፋ እንደሆነው አዲስ የታዘዙት ባቡሮች ለበርካታ ጣቢያዎች ሰፍተው ተገኝተዋል። ለአምራቾቹ የተሰጠው ልኬት በቅርብ ዓመታት የተሠሩትን ጣቢያዎች እንጂ ጠበብ ያሉትን ነባር ጣቢያዎች አላካተተም ነበር። በዚህም 1 ሺህ 300 ያህል የመሳፈሪያ መድረኮችን ለማስተካከል 50 ሚሊዮን ዩሮ አስፈልጓል።

በመሆኑም ምሉዕነት የሚፈተሸው ከሰነዱ ውጭ በተዘጋጀ ዝርዝር ነው። በሥራው የሚነኩ ወገኖች፣ ተጠቃሚ ያልሆኑትም ጭምር፣ በስም ተለይተው ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ መስፈርት መኖሩ ይታያል። ከግንባታ እስከ ጥገና ያለው ዘመን በየምዕራፉ ይታሰባል። ሐዲዱ ከመንገድ፣ ከወንዝና ከኃይል መስመር ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ሁሉ በቦታው ተገኝቶ ይመዘገባል፤ ለሁርሶ ዓይነቱ ቆላ ደግሞ ምዝገባው በበጋም በክረምትም ቢደረግ ይመረጣል፣ የመንጋው መንገድ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣልና። በሰነዱ ውስጥ «ወደፊት ይወሰናል» ተብሎ የታለፈ ነጥብ ካለም ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ኃላፊና የጊዜ ገደብ ይመደብለታል።