ከተባይ መርጫ እስከ ብረት ለበስ

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳንታ ክላራ ሸለቆ የፍራፍሬ ምድር በነበረበት ዘመን፣ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ጆን ቢን የተባለ ሰው ዛፎችን ከተባይ የሚታደግ የመድኃኒት መርጫ ፓምፕ ሠራ፤ ከዚህም የተወለደው ኤፍ ኤም ሲ የተባለው ኩባንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በየብስና በባሕር የሚሄድ የጦር ተሽከርካሪ ወደ መሥራት ተሻግሮ፣ ከ1960 ጀምሮ ኤም 113 የተሰኘውን ብረት ለበስ በሸለቆው ከተማ በሳን ሆዜ እያመረተ ለብዙ መንግሥታት አደረሰ። ነቢዩ ኢዩኤል ማረሻ ተቀጥቅጦ ሰይፍ እንደሚሆን የተናገረው በዚህች ከተማ የተፈጸመ ይመስላል።

በ1953 ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ውል የተፈራረመችው ኢትዮጵያም ይህንኑ ብረት ለበስ ለሠራዊቷ ተቀበለች፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ጦርነትና ሽብር ካሰደዳቸው ልጆቿም ብዙዎቹ ብረቱ ወደተሠራበት ወደዚያው አውራጃ፣ ወደ ኦክላንድና ወደ ሳን ሆዜ መጥተው ሰፈሩ።

ዛሬ በኦክላንድ መድኃኔ ዓለም ዲያቆኑ በቅዳሴው መካከል ስለ ሰላም እንዲጸለይ ሲያዝ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ምእመናን በአንድ ቃል ምሕረትን ይለምናሉ። ይህ ጸሎት ጠላትን ብቻ የሚከስ ከሆነ ጎዶሎ ነው፤ ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ የሚጸልይ ክርስቲያን ለሟቹና ለገዳዩ፣ ለሻጩና ለገዢው፣ በፋብሪካው የዕለት እንጀራውን ለሚያገኘው ሠራተኛም መማለድ፣ የገዛ ደመወዙንም ምንጭ መመርመር ይገባዋል።