ሁለት ቅጂ ካለ የትኛው ይነበባል?

አንድን ነገር ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። ፎቶ ስልክ ላይም ፍላሽ ላይም ይቀመጣል። የቤት ሽያጭ ውል ለሻጭም ለገዢም አንዳንድ ቅጂ ይደርሳል። ትልልቅ ኮምፒውተሮች ደግሞ እያንዳንዱን ፋይል ሁለት ዲስክ ላይ ይጽፋሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። እዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የሚመጣው አንዱ ሲጠፋ ሳይሆን ሁለቱም እያሉ ነው፤ ሁለቱም ካሉ ከየትኛው እናንብብ?

ጥያቄው የኮምፒውተር መሐንዲሶችን ለአሥርተ ዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል። ኢትዮጵያ ግን ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት በደም አውቃዋለች። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ፣ አንድ ወንዝ ላይ፣ ዛሬም አላለቀም። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ ዓመቶቹ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

የሚቀርበውን ማንበብ

ከዲስኮቹ እንጀምር። ታንደም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ቀጥ የማይል ኮምፒውተር መሸጥ ሲጀምር፣ አንዱ ዘዴው ዲስክን ጥንድ ማድረግ ነበር። አንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሌላኛውም ላይ ይጻፋል፤ እንደ መስታወት። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ስለ ሬይድ ባወጡት ጽሑፍ ይህ የመስታወት ዘዴ ደረጃ 1 ተባለ።

ሲጻፍ ምርጫ የለም፣ ሁለቱም ላይ መጻፍ ግድ ነው። ሲነበብ ግን አንዱ ይበቃል። የትኛው? መልሱ እንደ ሶፍትዌሩ ይለያያል። የሊኑክስ ነባር ሬይድ፣ ዲስኮቹ የሚሽከረከሩ ከሆኑ፣ የማንበቢያ ጭንቅላቱ ለሚፈለገው ቦታ የቀረበውን ይመርጣል፤ ኤስኤስዲ ከሆኑ ደግሞ ሥራ ያልበዛበትን። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ያወጣው ዜድኤፍኤስ፣ ዛሬ ባለው መልኩ፣ የየዲስኩን ወረፋ ይመለከታል። የቢቲአርኤፍኤስ የተለመደ መንገድ ግን ቀላልም አስቂኝም ነው። ማንበብ የፈለገውን ፕሮግራም መለያ ቁጥር ያያል፤ ሁለት ዲስክ ካለ፣ ቁጥሩ ለሁለት እኩል የሚካፈል ከሆነ ከአንዱ፣ ካልሆነ ከሌላው። በቃ።

ልብ በሉ፣ ከእነዚህ መመሪያዎች አንዱም "እውነተኛው የትኛው ነው?" ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቁት የሚቀርበውን፣ የሚፈጥነውን፣ ተራ የደረሰውን ነው። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ እስከሆኑ ድረስ ይህ ምንም ችግር የለበትም። ግን አንዱ ዲስክ ላይ ጥቂት ነገር በዝምታ ቢበላሽስ? ዲስኩ አልሞተም፣ ታምሜያለሁም አይልም። ያኔ አንድ ፋይል የጠየቁ ሁለት ፕሮግራሞች ሁለት የተለያየ መልስ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሁለቱም ደግሞ በመልሳቸው እርግጠኛ ናቸው።

ነባሩ ሬይድ ሁለቱን አስተያይቶ "ተለያይተዋል" ማለት ይችላል። ማን ልክ እንደሆነ ግን አያውቅም። አስተካክል ሲባል አንደኛውን ገልብጦ በሌላኛው ላይ ይጽፍበታል፤ ልክ ስለሆነ ሳይሆን ቀድሞ ስለተገኘ። ዜድኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ ያመጡት ትልቁ ለውጥ እዚህ ጋ ነው። ከመረጃው ተሰልቶ የሚወጣ አጭር ቁጥር፣ ቼክሰም የሚባለው፣ ከመረጃው ተለይቶ ይቀመጣል። ሲነበብ ቁጥሩ እንደገና ይሰላል። ካልገጠመ ወደ ሁለተኛው ቅጂ ይኬዳል፤ እሱ ከገጠመ የተበላሸው በእሱ ይታደሳል። ዳኛው ከሁለቱ ቅጂዎች ውጭ ነው ያለው ማለት ነው።

ውጫሌ፣ ዳኛ የሌለው መስታወት

አሁን ወደ ውጫሌ እንሂድ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል አማርኛና ኢጣልያንኛ ቅጂ ነበረው። አንቀጽ 17ን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ሲል፣ ኢጣልያንኛው በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ እንደተስማሙ አድርጎ ጻፈው፤ ሮምም ግዴታ ነው ብላ ያዘችው።

ብዙ የማይነሳው አንቀጽ 19 ነው። እሱ ደግሞ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ መሆናቸውን፣ ሁለቱም እኩል ሥልጣን እንዳላቸው ይናገራል። እንግዲህ ውሉ ራሱ ስለ ራሱ "ቅጂዎቼ አንድ ናቸው" ብሎ መሰከረ። ባይሆኑስ? ለዚህ ምንም አላስቀመጠም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሚቀርበውን አነበበ። ኢጣሊያ በ1882 መግቢያ ላይ ውሉን ለኃያላን መንግሥታት ስታሳውቅ ለንደንና በርሊን የደረሳቸው የሮም ንባብ ነበር። ምኒልክ ደግሞ ንግሥናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ በደብዳቤ አሳወቁ፤ በእጃቸው ያለው ቅጂ ይህን አይከለክልማ! የመጣላቸው መልስ ግን ነገሩ በኢጣሊያ በኩል መሆን እንደነበረበት የሚያስታውስ ሆነ። የቅጂዎቹ ልዩነት አደባባይ የወጣው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሁለቱን አቀራርቦ ያነበበ ሰው ስለነበር አይደለም፤ ከሌላኛው ቅጂ ያነበበ ሦስተኛ ወገን መልስ ስለሰጠ ነው።

ምኒልክ በመስከረም 1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው ተቃወሙ፤ በየካቲት 1885 ውሉን ጨርሰው እንደማይቀበሉት አስታወቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ አድዋ መጣ። ጦርነቱን ያመጣው አንድ ግሥ ብቻ ነው ማለት የዋህነት ነው። ኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ፈልጋ ነበር፣ ግሥ ባይኖር ሌላ ሰበብ አታጣም ነበር። ግን ግሡ በእጇ ነበርና ተጠቀመችበት።

ከድሉ በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1889፣ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ውጫሌን ሻረ። የተጻፈውም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ኢጣልያንኛው ቀረ። ፈረንሳይኛ የሁለቱም ተዋዋዮች ቋንቋ አልነበረም፤ የዘመኑ ዲፕሎማቶች ሁሉ የሚያነቡት ስለሆነ ግን አንዱ ወገን ብቻውን እንደፈለገ ሊተረጉመው አይችልም።

ቀዩ መስመር

ቀጥሎ ተራው የእንግሊዝ ሆነ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሃሪንግተን በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ያለውን ድንበር የሚወስን ውል አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። እንደገና ሁለት ቋንቋ፦ አማርኛና እንግሊዝኛ። እንደገና ሁለቱም እኩል ሕጋዊ። ካርታው ሳይቀር በሁለት ቅጂ ነው የተያያዘው፤ ድንበሩ በቀይ መስመር ተሰምሮበት። ምኒልክ በራስ መኮንን ዘመቻ የያዙትን የቤኒሻንጉልን ምድር፣ ወርቁን ጭምር፣ አልለቅም ስላሉ አሶሳ ከመስመሩ ወዲህ ቀረች።

ይህ ውል ስለ ድንበሩ ከውጫሌ የተሻለ ብልሃት ነበረው። አንቀጽ 2 በካርታው ላይ ያለው መስመር በጋራ ኮሚሽን መሬት ላይ ምልክት እንዲደረግበት ያዛል። ካርታዎቹ ቢለያዩ እንኳ ሄዶ የሚታይ ድንጋይ ይኖራል ማለት ነው። አፈጻጸሙ ግን ጎደሎ ነበር። በ1895 ምልክቱን ያቆመው የእንግሊዙ መኮንን ቻርልስ ግዊን ነው፤ የኢትዮጵያ ወገን አብሮት አልነበረም። በ1964 ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ ልውውጥ የግዊንን መስመር መነሻ ለማድረግ ቢስማሙም፣ በሰሜን በኩል አልፋሽጋ ላይ ጭቅጭቁ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። ዳኛ ማቆም ብቻውን አይበቃም፤ ዳኛው ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ እንደሆነ ሌላኛው ወገን ፍርዱን አይረሳውም።

መስመሩ ለአሶሳ ሰው የወረቀት ጉዳይ አይደለም። የበርታ ሕዝብ በሁለቱም በኩል ይኖራል፤ ኩርሙክ የሚለው ስም እንኳ በሁለቱም በኩል አለ። በ2003 ማብቂያ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሳ፣ በ2015 ደግሞ ሱዳን በሙሉ ስትናወጥ፣ ያንን መስመር የተሻገረ ሰው በአንድ እርምጃ ስሙ ተቀየረ፤ ስደተኛ ሆነ። አሶሳ ዞን ያለው የጾሬ መጠለያ እነዚህን ሰዎች ከሚያስተናግዱት አንዱ ነው። እዚያ ያለ ሰው የትኛው አገር እንደሆነ፣ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልገው፣ የት መሥራት እንደሚችል የሚወሰነው በሁለት ቅጂ በተሰመረ ቀይ ቀለም ነው።

የሚደፍን ወይስ የሚያቋርጥ?

የዚያው ውል አንቀጽ 3 ስለ ውሃ ነው። ለድንበሩ የተበጀው ማጣሪያ ለውሃው አልተበጀለትም። እንግሊዝኛው፣ ምኒልክ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ፣ ውሃው ወደ ናይል እንዳይፈስ የሚያግድ ሥራ ወንዙን አቋርጦ እንዳይሠራ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቃል እንደገቡ ይናገራል። አማርኛው ደግሞ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለመድፈን ያወራል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እንግሊዝኛውን ይዞ ክርክር የሚፈልግ ሰው "አቋርጦ የሚሠራ" የሚለውን ያጎላና ማንኛውንም ግድብ ይጠረጥራል። አማርኛውን ያነበበ ግን መደፈን የሚለውን ይሰማል፤ ውሃ የሚያሳልፍ ግድብ የተደፈነ ወንዝ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል ይህ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው አንቀጽ እንደገና ተገለጠ። ግብፅ ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት ፀጥታው ምክር ቤት ስታቀርብ የ1894ቱን ውል ጠቀሰች። ኢትዮጵያም ውሉ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገ መሆኑን፣ የከለከለውም ፍሰቱን ማቆም እንጂ መጠቀምን አለመሆኑን መለሰች። እንደ ውጫሌው ዘመን ሁሉ፣ እያንዳንዱ የሚቀርበውን ይዞ።

ግን ከውጫሌ ወዲህ ዓለም ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ማጣሪያ አበጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 የመንግሥታት ማኅበር ዘመን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በማቭሮማቲስ ጉዳይ ላይ፣ እኩል ሥልጣን ካላቸው ሁለት ጽሑፎች አንዱ ሰፋ ያለ ሌላው ጠበብ ያለ ትርጉም ሲኖረው፣ ከሁለቱም ጋር ሊስማማ የሚችለውን ጠባቡን ትርጉም ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1969 የቬይና የውል ሕግ ስምምነት አንቀጽ 33 ደግሞ፣ ልዩነቱ በሌላ መንገድ ካልተፈታ፣ የውሉን ዓላማ አይቶ ሁለቱን ጽሑፎች በተሻለ የሚያስታርቀው ትርጉም ይወሰድ አለ። ልክ እንደ ቼክሰሙ፣ ዳኛው ከቅጂዎቹ ውጭ ነው። በዚህ መንገድ ከሄድን፣ እኔ እንደማየው፣ ጉባ ላይ ያለው ጥያቄ "ወንዙ ላይ ሥራ ተሠራ ወይ?" ሳይሆን "ውሃው መፍሰሱን አቆመ ወይ?" ይሆናል። ይህን ደግሞ የሁለቱም ቋንቋ አንባቢ ወንዙ ዳር ቆሞ መለካት ይችላል።

አስቀድሞ መወሰን

የራሳችን ሕግ አውጪዎች ከዚህ ሁሉ ትምህርት የወሰዱ ይመስላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ደንግጓል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3ም እንደዚሁ። ጋዜጣውን ገልጣችሁ ካያችሁት አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንደሚነበብ ግን ጠብ ከመነሳቱ በፊት ተወስኗል። ይህ መንገድ የራሱ ዋጋ አለው። የአማርኛው ቅጂ ስህተት ቢኖርበት ስህተቱም አብሮ ይጸናል፤ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ዜጋም መብቱን በሰው ቋንቋ ማንበብ ይኖርበታል። ቢያንስ ግን ከየትኛው እንደሚነበብ ማንም አስቀድሞ ማወቅ ይችላል።

ሕዳሴው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ውሃው ዛሬ በተርባይኖቹ እያለፈ፣ ግዊን ምልክት ያቆመበትን መስመር ተሻግሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል። አንቀጽ 3ን በእንግሊዝኛም በአማርኛም የሚያነቡ ሰዎች መከራከራቸውን ይቀጥላሉ። ቀጣዩን ውል የሚጽፉ ሰዎች ግን፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተም ከመነጋገራቸው በፊት፣ ቅጂዎቹ የተለያዩ ቀን ማን ምን እንደሚለካ ቢጽፉበት ይሻላል።