ውፍረት፣ ማረጥና የጡት ካንሰር፦ ከራያ ቆላ ታሪክ አንጻር

በራያ ቆላ፣ በጎብዬና በቆቦ ዙሪያ፣ የሴቶችን ክብደት ለትውልዶች ሲወስን የኖረው የማሽላ ምርት ነው። ዝናብ ሲዘገይ ወይም አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም እርሻውን ሲወር ጎተራው ክረምት ሳይገባ ይራቆታል። በ1965 እና 66 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ፣ በኋላም በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ የራያ ቆላ ነበር። ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ካፈለቋቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ “ጎብዬ” ተብሎ ለኢትዮጵያ ገበሬ ተለቋል። በዚህ ቆላ ውሃ እየቀዳች፣ እየፈጨች፣ እያረመች፣ በላዩም እየወለደችና እያጠባች የምትኖር ሴት ከማረጧ በፊትም ሆነ በኋላ ስብ የምታከማችበት ዕድል አልነበራትም።

ይህ ኑሮ ከጡት ካንሰር ጋር ያለው ዝምድና ምስጢር መፈታት የጀመረው ግን በስኮትላንድ ነው። ሐኪሙ ጆርጅ ቢትሰን የገፋ የጡት ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች እንቁላል ማፍሪያ በቀዶ ሕክምና ሲያወጣ ዕጢው ሊሟሽሽ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1896 አሳተመ። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ገና አልታወቀም ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ሴቲቱ እስክታርጥ ድረስ ሆርሞኑን በዋናነት የሚያመነጨው እንቁላል ማፍሪያዋ ነው። ካረጠች በኋላ ግን ተራው የስብ ይሆናል፤ በስብ ውስጥ ያለው አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ከአድሬናል እጢ የሚመጡ ሆርሞኖችን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል። ስቡ በበዛ ቁጥር ኤስትሮጅኑም ይበዛል፤ የጡት ህዋሳት ደግሞ በእሱ ተገፋፍተው ይባዛሉ። በዚህ ምክንያት ያረጠች ሴት የክብደትና የቁመት ምጣኔዋ በ5 ነጥብ ሲጨምር በጡት ካንሰር የመያዝ አደጋዋ በ12 ከመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ከማረጥ በፊት ግን ውፍረት በአንጻሩ ከጥቂት ቅናሽ ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱን ዕድሜ ሳይለዩ ስለ ውፍረት መናገር ያሳስታል። ማረጥ ራሱ አንድ ዓመት በዘገየ ቁጥር አደጋው በ3 ከመቶ ገደማ ይጨምራል።

መውለድና ማጥባት በተቃራኒው ይሠራሉ። እያንዳንዱ ወሊድ አደጋውን በ7 ከመቶ፣ እያንዳንዱ የ12 ወር ጡት ማጥባት ደግሞ በ4 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሁለት ዓመት ያህል የምታጠባ የብዙ ልጆች እናት ይህን ጥበቃ ሳታስበው ታገኘው ነበር፤ ዋጋው ግን በሌላ መንገድ፣ በድካምና በወሊድ ሞት ይከፈል ነበር።

አሁን ሁኔታው እየተለወጠ ነው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. 3 ከመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 8 ከመቶ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ በከተማ 21፣ በገጠር 4 ከመቶ ሲሆን፣ የከተማ ሴት በአማካይ 2.3፣ የገጠሯ 5.2 ልጅ ትወልድ ነበር።

ሆኖም የኢትዮጵያን የጡት ካንሰር በውፍረት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከታከሙ ሴቶች አብዛኞቹ ገና ያላረጡ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም በአማካይ 43 ገደማ ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕዝቡ ራሱ ወጣት መሆኑ ነው። ሕክምናውን በተመለከተ ደግሞ፣ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በዚሁ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ የጎብዬ ታካሚ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረባት። ከታካሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕጢያቸው ኤስትሮጅንን የሚቀበል በመሆኑ ግን፣ የሆርሞኑን ሥራ የሚያግደውን የታሞክሲፈን ክኒን ይዘው ወደ ቀያቸው መመለስና ሕክምናውን እቤታቸው መቀጠል ይችላሉ።