ጭስና ጩኸት

«ቲፎዞ» የሚለው ቃል ከስታዲየም ወጥቶ ፖለቲካው መንደር ከገባ ሰንብቷል። ትርጉሙን የማያውቅ የለም፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። እዚያ «ቲፎ» ማለት ታይፈስ፣ እኛ ተስቦ የምንለው ትኩሳት ሲሆን «ቲፎዞ» ደግሞ ትኩሳቱ የያዘው ሰው ነው። ለቡድኑ የሚቃጠል ተመልካች በተስቦ ከሚቃዥ በሽተኛ አይለይም ብለው ነው ጣሊያኖቹ ስሙን ያወጡለት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲኬድ ግሪክኛው «ቲፎስ» ይገኛል፤ ትርጉሙም ጭስ ነው። የጥንት ሐኪሞች ቃሉን ለትኩሳት የሰጡት ሕመሙ አእምሮን ስለሚያፍን፣ በሽተኛውን ስለሚያደነዝዝ ነው። እንግዲህ ቲፎዞ ሥሩ ሲመዘዝ ጭስ የጋረደው ሰው ሆኖ ይገኛል።

ጭስንና ጩኸትን ባንድ ያሰረውን ይህን ቃል ይዘን የምንሄድበት ከተማ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ያለችው አን አርበር ናት። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ስመ ጥር የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አዳራሽ አላት፤ በታካሚ ካርድ ማሪዋና የሚሸጡ መደብሮችም አሏት። የሁለቱን ስፍራዎች ቃላት ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ይታየዋል፤ ጤነኞቹ የሚሰበሰቡበት በበሽታ ስም ይጠራል፣ ሕመምተኞቹ የሚሄዱበት ደግሞ በሚዛንና በስንቅ ስም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአዳራሹ እንጀምር። ጨዋታውን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበር። ክረምቱ ደጅ እንዳይወጡ ያደረጋቸውን ጎረምሶች የሚያበርድ፣ ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ እንዲፈጥር አለቃው 14 ቀን ሰጠው። ሁለት የኮክ ቅርጫት ግራና ቀኝ ሰቀለ፣ 13 ሕግ ጻፈ፤ ኳስ ይዞ መሮጥን፣ መግፋትንና መጎተትን ከለከለ። ቅርጫቱ ቀርቶ መረብ ከተተካ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም አማርኛችን አሁንም «ቅርጫት ኳስ» ይላል። ጨዋታው ሲወለድ ማስታገሻ ነበር።

ተመልካቹ ግን ማስታገሻውን አልዋጠም። «ፋን» የሚለው እንግሊዝኛ «ፋናቲክ» ከሚለው የተቆረጠ ሲሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ የቤዝቦል ተመልካቾች ዘንድ ተለመደ። «ፋናቲክ» የመጣው «ፋኑም» ከሚለው ላቲን ነው፤ ቤተ መቅደስ ማለት ነው። «ፋናቲኩስ» የመቅደሱ መንፈስ ወርዶበት የሚያጓራ ሰው ነበር፤ ዛር ያየ አገር ቃሉን ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳዋል። የኮሌጆቹ የጥሎ ማለፍ ውድድርም «ማርች ማድነስ»፣ የማርች ወር እብደት ይባላል። ሄንሪ ፖርተር የተባለ የኢሊኖይ ሰው በ1939 ስለ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ሲጽፍ ተጠቀመበት፤ በ1982 የቴሌቪዥኑ ብሬንት መስበርገር ወደ ኮሌጆቹ አሻገረው። በሰሜን ካሮላይና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ካሜሮን ክሬዚስ»፣ የካሜሮን አዳራሽ እብዶች ተብለው ይጠራሉ፤ ስሙንም በኩራት ይዘውታል።

የአን አርበሮቹ ከሁሉም ይብሳሉ። ስማቸው «ሜይዝ ሬጅ» ነው። «ሜይዝ» በቆሎ ሲሆን የዩኒቨርሲቲው ቢጫ ቀለም መጠሪያ ነው፤ ስፔናውያን ከካሪቢያን ደሴቶች የታይኖ ሕዝብ አፍ የወሰዱት ቃል ነው። «ሬጅ» በዛሬው እንግሊዝኛ ቁጣ ማለት ነው፤ በፈረንሳይኛ በኩል ያለፈበትን ሲከተሉት ግን «ራቢየስ» ከሚለው ላቲን ያደርሳል። «ራቢየስ» የውሻ እብደት ነው። ክሪስለር ሴንተር በሚባለው፣ 12,707 ሰው በሚይዘው አዳራሽ ውስጥ እነዚህ ተማሪዎች ከሜዳው ጥግ ቆመው ያመሻሉ። ሲዘሉ አብረው ይዘላሉ፤ የተጋጣሚው ተጫዋች ለቅጣት ውርወራ ሲቆም እጃቸውን እያወራጩ፣ እየጮኹ ዓይኑን ሊያጠፉበት ይታገላሉ። አዳራሹ ራሱ ዱሮ ክሪስለር አሪና ይባል ነበር። «አሪና» በላቲን አሸዋ ነው፤ ሮማውያን የታጋዮቹን ደም እንዲመጥ ሜዳው ላይ ያፈስሱት የነበረው አሸዋ። የአን አርበር ወለል የተወለወለ እንጨት ነው፤ በአንድ ምሽት ሊፈስስበት የሚችለው ቢበዛ ላብና ለስላሳ መጠጥ ነው። ቃሉ ግን አሸዋውን አልጠረገም።

አሁን ወደ መደብሩ እንሻገር። ሚሺጋን ማሪዋናን ለሕክምና የፈቀደችው በ2008 በሕዝብ ድምፅ ሲሆን 63 በመቶው መራጭ ደግፎታል። ካንሰር፣ ግላኮማ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሲያረጋግጥለት ካርድ ያወጣል። በሩ ላይ ካርዱና መታወቂያው ይታያል፤ ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወደ ባንኮኒው ይጠራል። እሽጎቹ ላይ በመቶኛና በሚሊግራም ልክ ተጽፎባቸዋል። የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል የሚያውቅ ሰው ምንም አዲስ አይሆንበትም። እዚህ የሚጮህ የለም።

ሕዝቡ ይህን ቦታ «ዲስፔንሰሪ» ይለዋል። ላቲኑ «ዲስፔንሳሬ» መዝኖ ማከፋፈል ነው፤ መነሻው «ፔንዴሬ» ደግሞ ማንጠልጠል፣ በሚዛን ላይ መስቀል ነው። ገንዘብ በሚዛን ይከፈል በነበረበት ዘመን ከዚሁ ሥር «ክፍያ» የሚል ትርጉም በቀለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንደሩ የተሰቀለው «ፔንሲዮን» የሚል ታፔላ የዚሁ ቤተሰብ ነው። በመደብሩ ውስጥ የሚመዘነውም በ«አውንስ» ነው፤ አንድ ታካሚ መያዝ የሚፈቀድለት ሁለት ተኩል አውንስ፣ ማለትም 70 ግራም ገደማ ነው፤ በብዛት የሚሸጠው ደግሞ የአውንስ አንድ ስምንተኛ፣ 3.5 ግራም። «አውንስ» ከላቲኑ «ኡንኪያ»፣ «አንድ አሥራ ሁለተኛ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ይኸው ቃል በግሪክኛና በዓረብኛ በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ «ወቄት» ሆነ። አባቶቻችን ወርቅ የመዘኑበት ወቄትና የሚሺጋን ታካሚ የሚገዛበት አውንስ አንድ ቃል ናቸው፤ ክብደታቸውም ተቀራራቢ ነው።

የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ግን «ዲስፔንሰሪ» የሚለውን ስም አልጻፉም። በ2016 ለመደብሮቹ ፈቃድ የሚሰጠውን ሕግ ሲያወጡ «ፕሮቪዥኒንግ ሴንተር» አሏቸው። «ፕሮቪዥን» በላቲን አስቀድሞ ማየት ሲሆን ቆይቶ ለመንገድ የሚቋጠር ምግብ ሆነ፤ በእኛ አነጋገር ስንቅ ነው። ሕጉን ብቻ ያነበበ ሰው በሶ የሚሸጥበት ቤት ሊመስለው ይችላል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ሻጭ ግን ሕግ ያላወጣላት ስም አላት፤ «ባድቴንደር» ትባላለች። «ባድ» የተክሉ የአበባ እንቡጥ ነው፤ «ቴንደር» ከ«ባርቴንደር» ተገንጥሎ የመጣ ነው። መጠጥ ቤቱ በፊት በር ቢከለከልም በሻጯ ስም በኩል ገብቷል።

የተክሉ ስም ታሪክም ከፈቃድና ከክልከላ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ነው። «ካናቢስ» ጥንታዊ የግሪክ ቃል ነው፤ ግሪኮቹም ከሌላ ሕዝብ የተቀበሉት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ሄሮዶቱስ እስኩቴሶች ዘሩን በጋለ ድንጋይ ላይ በትነው፣ በድንኳን ታጥነው፣ በደስታ ይጮኹ እንደነበር ጽፏል። ጭሱም ጩኸቱም ያኔ አንድ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። በአሜሪካ ከ1850 እስከ 1942 በይፋዊው የመድኃኒት መዝገብ የሠፈረው «ካናቢስ» በሚለው የሐኪም ስሙ ነበር። ሊከለከል ሲል ስሙ ተቀየረ፤ የ1937ቱ የፌዴራል ሕግ «ማሪዋና» የሚለውን የሜክሲኮ ስፓኒሽ ወሰደ፤ ሐኪሞቹ የሚያውቁት መድኃኒት በመጤ ስም ወንጀለኛ ሆነ። የሚሺጋን ሕጎች ያንኑ የ1937 አጻጻፍ እስከ ዛሬ ይዘዋል። ተቆጣጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን በ2022 «የማሪዋና» መባሉ ቀርቶ «የካናቢስ» ተባለ። ተክሉ ሲፈቀድ የዱሮ የሐኪም ስሙ ተመለሰለት።

ጭሱና ጩኸቱ በአን አርበር አንድ ጣሪያ ሥር የገቡበት ሌሊትም አለ። ገጣሚው ጆን ሲንክሌር በ1966 ሁለት ጥቅል ማሪዋና ለአንድ ሰው ሰጠ፤ ተቀባዩ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ስለነበር በ1969 አሥር ዓመት ተፈረደበት። ታኅሣሥ 10 ቀን 1971 ጆን ሌነንና ስቲቪ ወንደር ጭምር የተገኙበት የ«ይፈታ» ስብሰባ የተደረገው በዚያው በቅርጫት ኳሱ አዳራሽ ነው፤ 15,000 ያህል ሰው ሞላበት። ሲንክሌር ከሦስት ቀን በኋላ ተፈታ። በተከታዩ መጋቢት የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተፈረደበትን ሕግ ሻረ፤ በሚያዝያ 1 ቀን ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ የመጀመሪያውን «ሃሽ ባሽ» አደረጉ፤ ዛሬም በየዓመቱ ይደረጋል። «ሃሽ» «ሐሺሽ» ነው፤ በዓረብኛ ደረቅ ሣር። መንግሥት ሲከለክል አስፈሪ ስም ይፈልጋል፤ የዚህ ቃል አባት ግን የከብት መኖ ነበር።

የከተማዋ ስም ራሱ ዕፅ ነው። በ1824 የመሠረቷት ሁለት ሰዎች ሚስቶቻቸው ሁለቱም አን ይባሉ ነበር፤ «አርበር» የዛፍ ጥላ ነው። ነገር ግን ይህ የእንግሊዝኛ ቃል የወጣው ላቲኑ ለዛፍ ከሚለው ሳይሆን «ሄርባ»፣ ቅጠላቅጠል ከሚለው ነው፤ በፈረንሳይኛ የአትክልት ስፍራ ሆኖ ሲመጣ ነው ዛፍ የመሰለው። የእኛ «ዕፅ» የሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በግእዝ ዕፅ ዛፍ ነው፣ እንጨትም ነው፤ «እንጨት» ራሱ የእርሱ ልጅ ነው። ዕፀ ሕይወትና ዕፀ በለስ ዛፎች ናቸው። በአማርኛ ግን ቃሉ ወደ ቅጠልና ወደ ሥር ወረደ፤ በመጨረሻ ፖሊስ መግለጫ ላይ «አደንዛዥ ዕፅ» ሆኖ ተገኘ። «አደንዛዥ» የሚለውም የግሪኩን «ናርኬ»፣ መደንዘዝን፣ አጥብቆ የሚከተል ነው፤ «ናርኮቲክ» የወጣው ከዚያ ነው።

በሻሸመኔ ግን ሌላ ስም ይሰማል። ከ1845 ጀምሮ ሕንዳውያን የጉልበት ሠራተኞች ወደ ጃማይካ ሲጓዙ «ጋንጃ» የሚለውን የሳንስክሪት ቃል ይዘው ሄዱ፤ ራስ ተፈሪያውያን ለአምልኮታቸው ወሰዱት፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 በሰጡት መሬት ላይ ሲሰፍሩ ቃሉ አብሯቸው ኢትዮጵያ ገባ። ያው ተክል በአን አርበር ስንቅ፣ በሻሸመኔ አምልኮ፣ በፖሊስ መዝገብ መርዝ ነው። ለዚህ ድርብነት አማርኛ እንግዳ አይደለም። «መድኃኒት» ከ«ድኅነ» የወጣ፣ በግእዝ ደኅንነትን የሚናገር፣ መድኃኔ ዓለም የምንልበት ቃል ነው፤ «መድኃኒት አደረገበት» ሲባል ግን ሰውየው አልዳነም። ግሪኩም «ፋርማኮን» ሲል ፈውሱንም መርዙንም ማለቱ ነበር።

ታዲያ ስሞቹ ለምን ተገለበጡ? መልሱ ያለው ስም አውጪዎቹ ዘንድ ነው። «ፕሮቪዥኒንግ ሴንተር» ያሉት መራጭን ማረጋጋት ያለባቸው ሕግ አውጪዎች ናቸው፤ አደገኛ ነው የተባለ ነገር ሲፈቀድ ቃሉ ይቀዘቅዛል፣ ሚዛን ይይዛል። «ሜይዝ ሬጅ»፣ «ክሬዚስ» የሚሉት ደግሞ ማንንም ማረጋጋት የሌለባቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ከጨዋታው በኋላ ሁሉም ወደ ክፍሉ ገብቶ ለፈተና ስለሚያነብ፣ በእብድ ውሻ ስም መጠራት ምንም አያስከፍልም። ባድቴንደሯም ለራሷ ስም ስታወጣ ወደ መጠጥ ቤቱ የሄደችው ለዚሁ ነው። ደኅና የሆነ ሰው በሕመም ስም መጫወት ይችላል፤ የታመመ ሰው ይህ ቅንጦት የለውም።

አማርኛችን ይህን ልዩነት በሁለት ቃል ለይቶ ይዞታል። «ደጋፊ» ያዘመመን የሚያቆም ነው፤ ግድግዳም ሰውም ይደገፋል። «ቲፎዞ» ግን ሥሩን ማንም ባያስታውሰው ትኩሳቱን አልተወም፤ ስለዚህ ነው አንድን ሰው የፓርቲ ደጋፊ ሲሉት የማይቆጣው፣ ቲፎዞ ሲሉት ግን የሚቆጣው። ለቡድኑ ሲሆን ግን ያው ሰው ስሙን ራሱ ይወስደዋል፤ ስታዲየም ውስጥ መታመም ጨዋታ ስለሆነ።